አቶ ዘሩ ባየልኝና አምስቱ ቃል የለሽ ዘፈኖቻቸው

አቶ ዘሩ ባየልኝ ከአባታቸው ከአቶ ባየልኝ ማሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታይቱ ደምለው ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ኮኪት አጠገብ በሚገኝ የማሽላ እርሻ ዳስ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጋይንት ለአጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ ደገኞች ነበሩ። እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ጅብ ዳሱን ሲዞር ነው ይባላል። አቶ ዘሩም ፍርሃትን ከእናቴ ሆድ ይዤው ወጣሁ ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን የሚያወሩት ለሳቅ አልነበረም።

በአገራችን ቀብር ላይ የሚነበብ ወረቀት ሟቹን ጀግና ሳይል አያልፍም። አቶ ዘሩ ግን ይህን ቃል በገዛ አንደበታቸው ከልክለዋል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ «ፈሪ ነበር ብላችሁ አንብቡ፤ ምክንያቱንም እንዳትዘሉት» ብለው አደራ ሰጥተዋል። ስለዚህ ልጃቸው ሀኒ የጻፈችውን ይህን ወረቀት ለቅሶተኛው እስከ መጨረሻው ይስማው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በኮኪት ጀምረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1980 ዓ.ም. ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲለቀም ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ድንበር ተሻገሩና ገዳሪፍ ገቡ። በኋላ ዘመን ስለዚህ ሲጠየቁ ፖለቲካ አልጨመሩበትም፤ ፈርቼ ነው ይሉ ነበር። እዚያም ኸሊፋ ከሚባሉ ሱዳናዊ የትራክተር ነጂ ዘንድ በረዳትነት ተቀጥረው ሙያውን ለመዱ።

ዛሬ የምናወራላቸውን ዘፈኖች የሰሙት በኸሊፋ ትራክተር ላይ ነው። ካሴቱ አንድ የውጭ አገር ሰው የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወትበት ነበር፤ ሮክን ከጃዝ እየቀላቀለ፣ ጣቶቹ ጆሮ ሊከተላቸው እስኪያቅተው እየፈጠኑ። አቶ ዘሩ አንድ ቀን ሙሉ ሰምተው ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው ብለው ጠየቁ። ኸሊፋም የሰውዬው ዘፋኝ እጁ እንደሆነና አፍ እንደማያስፈልገው ነገሯቸው። በ1984 ዓ.ም. አቶ ዘሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኸሊፋ ካሴቱን መርቀው ሰጧቸው።

ካሴቱ ላይ በዐረብኛ የተጻፈው በላብ ጠፍቶ ስለነበር የጊታሪስቱን ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወቁም። ለዘፈኖቹ ራሳቸው ስም አወጡ። የመጀመሪያውን ቀስ ብሎ ስለሚነሣ «ሞተር ማሞቂያው» አሉት። ሁለተኛው ጊታሩና ከበሮው የሚሯሯጡበት «አቧራው» ነው፤ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ብረት ሲፋቅ ነው እንጂ ይህም ዘፈን ሆኖ እያሉ ጆሯቸውን የሚይዙት በዚህ ነበር። ሦስተኛው «ገደሉ» ረጅም ነው፤ ካሴቱን ፀሐይ ስለመታው መሐሉ ላይ ድምፁ ይወላገዳል። ሀኒ ወደ ፍላሽ ስታዛውረው ጥሩውን ቅጂ ልፈልግ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ የለመዱት የተወላገደውን ነውና። አራተኛው «ዝንጀሮው» ይባላል። ጊታሩ ከክር ክር እየዘለለ ይጫወትበታል፤ ከአምስቱ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር። አምስተኛው «ደረስን» ነው፤ አጭርና ለስላሳ።

አቶ ዘሩ በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሀኒን፣ ዘመነንና ወለተሥላሴን ወለዱ። በሰሊጥ እርሻዎች ላይ ትራክተር ሲነዱ ቆይተው በ2003 ዓ.ም. በአንድ ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ፤ ቤተሰባቸውንም ወደ ገንዳ ውኃ አመጡ።

የኋለኞቹን ዓመታት ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሰው የሚታገትበት ሆነ። በአንዱ ኬላ ያስመሰገነ ዘፈን በሚቀጥለው ያስደበድባል። አንድ የሚያውቁት የጭነት መኪና ሹፌር በቴፑ ምክንያት ጥርሱ ረግፎ ሲመለስ አቶ ዘሩ በመኪናቸው ያለውን ዘፈን ሁሉ አጥፍተው አምስቱን ብቻ አስቀሩ። ጠመንጃ የያዘ ሰው አስቁሞ ይህ ዘፈን የማን ነው ሲላቸው፣ ቃል የለውም ጌታዬ፣ የማንም አይደለም ይሉ ነበር። እስኪያልፉ ድረስ ግን ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ይጣበቃል።

አምስቱ ዘፈኖች አርባ ደቂቃ ይፈጃሉ። ከመንገዱ ሁሉ የከፋችው ቁራጭም አርባ ደቂቃ ታስነዳለች። አቶ ዘሩ እዚያ ሲደርሱ ለባለቤታቸው ደውለው «ገባሁ» ይላሉ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስም ያን የጠሉትን ጊታር በስልካቸው ከፍተው ይቀመጣሉ። «አቧራው» ሲመጣ ባሌ ሜዳው ላይ ነው፣ «ገደሉ» ሲመጣ ጠመዝማዛው ላይ ነው እያሉ በሐሳብ ይከተላሉ። ወጥ ቢያርም አይነሡም። «ደረስን» ሲያበቃ ስልኩ ይጠራና ባላቸው «ወጣሁ» ይሏቸዋል። በዚህ ዓይነት ከመቶ ጊዜ በላይ ገብተው ወጥተዋል። ሁለቱም ሳይነጋገሩበት አንድ እምነት ያዙ፤ ዘፈኑ እስካልተቋረጠ ድረስ ክፉ አይነካቸውም።

አሁን አንብቡት ወዳሉት ደረስን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምጥ የጠናባቸውን ወይዘሮ መሠረትን ወደ ጎንደር ይዘው ወጡ። ወይዘሮ መሠረት ያረገዙት ከሰባት ዓመት ጥበቃ በኋላ ነበር። ከኋላ እናታቸው ደግፈዋቸዋል፤ ጋቢና ውስጥ ባለቤታቸው አቶ ደረበ ነበሩ። አቶ ዘሩ «ገባሁ» ብለው ደወሉ። «ዝንጀሮው» እንደጀመረ መንገዱ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ተጋድሞ አገኙ። ቅርንጫፍ በዚያ አገር የአጋቾች ወጥመድ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ወርደው ጎተቱት። ማንም አልመጣም፤ ነፋስ የጣለው ነበር። ወደ መኪናው ሲመለሱ ግን ዘፈኑ የለም።

አቶ ዘሩ ዘፈኑ በራሱ የተቋረጠ መሰላቸው። ያን ጊዜ የያዛቸው ፍርሃት ከገዳሪፉም ከጅቡም የባሰ እንደነበር ተናግረዋል። ከፊት ተኩስ ሰምቻለሁ አሉና መኪናውን አዞሩ። ተኩስ አልሰሙም ነበር። አቶ ደረበም ቃል አልተነፈሱም።

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በዚያ ሰዓት ቤት ነበሩ። «ደረስን» አበቃ፤ ስልኩ አልጠራም። ስምንት ደቂቃ ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ። በነዚያ ደቂቃዎች ባላቸውን ገድለው ቀብረዋል፤ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ ሳይቀር አስበዋል። በስምንተኛው ስልኩ ጠራና ባላቸው «ተመለስሁ» አሏቸው። ከደስታቸው ብዛት ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ይህን ዝምታቸውንም ዛሬ ከባላቸው ጥፋት ጋር እንድንጽፈው አዝዘዋል።

በማግስቱ በአጀብ ጎንደር ተደረሰ። እናትየዋ ተረፉ፤ ሕፃኗ ግን በሕይወት አልተወለደችም።

አገር አቶ ዘሩን ከተኩስ መሐል አራት ነፍስ መልሰው አወጡ ብሎ አመሰገነ። በመሥሪያ ቤታቸውም የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ እሳቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ እየፈሩም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ከመንገድ አልተመለሱም። አቶ ደረበን ግን ገበያ ላይ ሲያዩ መንገድ ይለውጡ ነበር።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ሁለት ጊዜ ያንኑ መንገድ በበሽተኛነት ተመላልሰውበታል። ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ነገሩን ሁሉ ለባለቤታቸውና ለሀኒ የተናገሩት በዚያ ሳምንት ነው። ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ ቤታቸው ውስጥ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

አደራው ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ እሳት ሆነባቸው። ካልተነበበ የሟች ቃል ይበላል፤ ከተነበበ ደግሞ የሕፃኗ አባት ከነጠመንጃቸው ቀብሩ ላይ ይቆማሉ። በቆላችን ከዚህ ያነሰ ነገር ደም አፍስሷል፤ ደም ቢመጣ የሚፈለገው ልጃቸው ዘመነም ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ትናንት ከቀትር በኋላ ሽማግሌ እንኳ ሳይዙ፣ ሀኒን አስከትለው አቶ ደረበ ቤት ሄዱ። ጠመንጃው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሀኒ ይህንኑ ጽሑፍ ቆማ አነበበችላቸው። «ተኩስ አልሰሙም ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠች፤ እናቷ ጨረሱላት።

 አቶ ደረበም «እታለም፣ ዘፈኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ ሲወርድ ጫካው ይሰማናል ብዬ አጠፋሁት። ተኩስስ እኔም አልሰማሁም። መኪናውን ሲያዞር ግን እሰይ ብዬ ዝም አልሁ። የኔንም ጻፉት።»

ወይዘሮ መሠረት ከጓዳው ደጃፍ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ባላቸውም እስከዚያች ሰዓት አልነገሯቸውም ነበር። አላለቀሱም፤ ይቅር ብያለሁም አላሉም፤ እኛም ብለዋል ብለን አንጽፍም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንተኛው ዘፈን ላይ እንደነበር ጠየቁ፤ አራተኛው ላይ ተባሉ። «እንግዲያው እሱ ይጨረስ» አሉ፤ «እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ። ማንም እንዳያጠፋው።»

በዚህ መሠረት የአቶ ዘሩ አስከሬን ከቤት ወደ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ይነዱት በነበረው አምቡላንስ ነው። «ዝንጀሮው» ከተቋረጠበት ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ «ደረስን»ም ይከተላል። የንስሐ አባታቸው ቃል የሌለው ነገር ዘፈን ይባል እንደሆነ እንጃ ብለው እስከ ቅጥሩ በር ድረስ ፈቅደዋል። ለቅሶተኛው ድምፁን ሲሰማ እንዳይደነግጥ ከወዲሁ እንለምናለን።

አቶ ዘሩ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው አቶ አገኘሁ ከገለጉ መኪና አጥተው ትናንት በእግር ተነሥተዋል፤ ለቀብሩ ባይደርሱም በሰላም እንዲገቡ በጸሎታችሁ አስቧቸው። ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ሥርዓተ ቀብሩ ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈጸማል።

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ከአምቡላንሱ ኋላ ይሄዳሉ። «ደረስን» ሲያበቃ እንደማይጠራ ያውቃሉ፤ ይሁንና መያዝ ለምደዋል። የፈሪዎችም የደፋሮችም አምላክ አገልጋዩን ዘሩን በዚያ ማንም ሸኚ በማይከተልበት መንገድ ላይ እጃቸውን ይዞ ይምራቸው፤ ስም ካልወጣላት ከዚያች ሕፃን ጋር በደጁ ላይ ያገናኛቸው፤ እኛ ባንሰማውም «ወጣሁ» ከሚሉበት ያድርሳቸው። አሜን።