አንቱ የሚሉኝ

ጥቅምት 4
ወደ ሥራ ተመለስኩ። ስፌት ቤቱ ያው ነው፤ የመኪናው ጫጫታ፣ የጨርቁ ብናኝ። ጨርቅ ቆራጯ "እንደምን ከረሙ?" አለችኝ። ከረሙ? ይቺ ሴት ስንት ዓመት "አንቺ ልግመኛ" ስትለኝ የኖረች... መቀለዷ ይሆናል።

ጥቅምት 6
ቀልድ አይደለም። የጨርቅ ጥቅል ላነሳ ስል "ይተዉት፣ እኔ አለሁ" ብላ ነጠቀችኝ። ዓይኗ ደረቴ ላይ፣ ጡቴ በተቆረጠበት በኩል። ማን ነገራት? ባሌ ለሰው ሁሉ "ጨጓራዋን ነው" ብሏል። ካንሰር የሚለውንማ እቤትም አንጠራውም፤ "ያ ነገር" ነው የምንለው። ከታወቀ አብቅቶልኛል። ማን አጠገቤ ተቀምጦ ይሰፋል?

ጥቅምት 9
ከባሌ ሌላ የምታውቀው የሆስፒታሉ አማካሪ ብቻ ናት። እሷ ናታ! ሳወራ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ጉዴን ሁሉ አውጣጣችኝ። ደሞ በልጄ ዕድሜ ሆና እሷ አንቺ ትለኛለች... ዓለም ተገለባብጧል።

ጥቅምት 12
አማካሪዋን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ይሄም አላማረኝም። እዚህ የተባለ ከዚህ አይወጣም አለች። ቀጥላ ግን፣
"ቆራጯ አንቱ ስትልሽ ምን ይሰማሻል?"
"መቅበሯ ነው የሚመስለኝ።"
ከአፌ አመለጠኝ። አለቀስኩ። ራሷን ቆራጯን ጠይቂያት አለችኝ። ብልጥ ናት፤ ከራሷ ላይ ማውረዷ ይሆን?

ጥቅምት 13
ቆራጯ "ደከሙ እንዴ?" ስትል ደሜ ፈላ። እጇን ይዤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አስገባኋት። ማን ነው የነገረሽ?
"ባለቤትዎ።"
ደውሎ፣ እያለቀሰ፣ ከባድ ነገር እንዳታስነኳት ብሏት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ያለኝ ሰውዬ! ማታ ይጠብቀኝ።
አንቱታውስ? እንደ ድሮው እየሰደብኳት ድንገት ብትሞትብኝስ ብላ ፈርታ ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ይጋባል እንዴ አለችኝ። ይሄን ሁሉ ቀን ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖሯል።
"ካንሰር አይጋባም" አልኳት። ስሙን ጠራሁት... ምንም አልሆንኩም።

ጥቅምት 20
ለመውጣት ልብስ ስንቀይር ቆራጯ እየተንተባተበች፣ ማየት ይቻላል ወይ አለች። ጠረጠርኳት። አይታ ልታወራው ይሆን? የማታውቀውን ነገር እየፈራችው ከምትኖር ግን... የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ጎንበስ ብላ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ ልብስ እንደምትመረምረው።
"ማነው እንዲህ አጣሞ የሰፋሽ?"
ስቄ ስቄ ስፌቱ አመመኝ።