ለአንድ ቀን መንገድ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሚያዝያ 1989 ዓ.ም.

ውድ በርናባስ፣

ሰላምታዬን ጓደኛችን ሰናይት በቃል ታደርስልሃለች፤ ወረቀቱን ለሌላ ነገር ፈልጌዋለሁ። የላክህልኝን መልእክት ነግራኛለች። ላንድክሩዘር ተከራይተሃል፤ እሑድ ከሽማግሌዎችህ ጋር ጨንቻ ትወጣለህ፤ እኔም ኩርፊያዬን ትቼ ቤተሰቤን እንዳዘጋጅ ትፈልጋለህ። "ምን ሆና ነው የዘጋችኝ?" ብለህ ጠይቀሃታል አሉ። ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። እስካሁን ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ቶሎ አፍ አያወጣም።

ተመርቀን ሥራ ስንጠብቅ የከረምንበትን የማንጎ ዛፍ አትረሳውም። ሥሩ አባትህ ያወረሱህ ቀይ ሴሊካ መኪና ቆማ ነበር፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ቀለሟ በፀሐይ የገረጣ። ሌላው ጓደኛችን ሁሉ ቅጥር ሲያሳድድ እኔና አንተ ስለ ጎማ እንከራከራለን። አንተን ያማረህ አሥራ አምስት ቁጥር የጎማ ብረት፣ ቸርኬ ነው። የአጎትህ ልጅ ከአዲስ አበባ በላከልህ መጽሔት ላይ አይተኸው፣ ላስቲኩ እንደ ጥብጣብ የቀጠነውን። የቸርኬው ቁጥር ሲያድግ መኪናዋም ከፍ የምትል መስሎህ ነበር። እኔ በሚስማር መሬት ላይ ክብ እየሣልኩ አስረዳሁህ፤ ብረቱ ሲሰፋ ላስቲኩ ይሳሳል፣ የሳሳ ላስቲክ ድንጋይ አይችልም፣ የጨንቻ ዳገት ቸርኬህን እንደ ጣሳ ነው የሚያጣምመው አልኩህ። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው አሥራ ሦስትም ለዚያ ጭቃ ያንሳል። ስለዚህ አሥራ አራት ይሁን፣ ጎማው ወፍራም ይሁን፣ ከፍ አድርጎ የያዛት ሞላ አይነካ፣ ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ ይታሰርላት ተባባልን። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ እንዲያገሳ ማስቀየርህን ግን አልተቃወምኩም። እንዲያውም ከቤታችን በታች ካለው ኩርባ ስትደርስ እናቴ ድምፅህን በሩቅ እንድትሰማ ፈልጌ ነበር።

ያን ቀን ሣቅህ። "እሺ ኢንጂነር፣ አባትሽ ደጃፍ ድረስ የሚያደርሰኝን አንቺ ታውቂያለሽ" አልከኝ። በርናባስ፣ በዚህች ቃል ስንት ሌሊት እንደተኛሁባት አታውቅም።

ጨንቻ ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴን ታውቀዋለህ፤ በስም ነው እንጂ በመልክ አታውቀውም። አባቴ ኦይታ ሸማኔ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ስለ አንተ ሥራና ትምህርት ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ መኪናዋ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደምትል ጠየቀኝ። በስንዝሬ አሳየሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስወጣ ከአውቶቡሱ ወርጄ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የሠፈራችን ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው ኩርባው ላይ ወጥተዋል። ዝናቡ የቦረቦረውን ጉድጓድ በድንጋይ እየሞሉ፣ አፈር እያለበሱ፣ በእግራቸው ይረግጡታል። አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ስንዝሩን ዘርግቶ ለአንዱም ለሌላውም እያሳየ፣ "የልጄ እንግዳ መኪና ሆዷ እዚህ ድረስ ነው" ይላቸዋል። እነሱም ይሥቁበታል፤ መኪና ነው ወይስ ዳክዬ የሚያመጣልህ ይሉታል። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ያንን ልነግርህ ነበር መኪናዋን ወደሰጠህበት ጋራዥ እየሮጥኩ የመጣሁት። እዚያ እንደነበርኩ አታውቅም። ግቢው ውስጥ ከቆመው አይሱዙ ጀርባ ስደርስ መኪናዋን አየኋት፤ ባለሁበት ቀረሁ። አሥራ አምስቱ ቸርኬ ተገጥሟል። ያ ጥብጣብ የመሰለው ጎማ። ሞላዋ ተቆርጦ፣ በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም። አታምርም አልልህም፤ ታምራለች፣ እርግማን በሚመስል ውበት። አንተ አጠገቧ ቆመሃል፤ መካኒኩ ደግፌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይዞራታል።

"አዞ አደረግሃት እኮ" አለህ። "ለጫሞ ሐይቅ ነው ለመንገድ?"

ሣቅህ። ደግፌ ግን አልተወህም፤ ሽማግሌ ልትልክ አልነበር ወይ፣ በዚህች እንዴት ጨንቻ ትወጣለህ አለህ። አንተም እንደ ቀላል ነገር፣ ቸርኬውን በእጅጌህ እያሸህ መለስክለት።

"ጋሽ ደግፌ፣ ለአንድ ቀን መንገድ ብዬ መኪናዬን ላበላሽ?"

የአይሱዙውን ጎን ይዤ ቆምኩ፤ ብረቱ በፀሐይ እንደጋለ እንኳ የገባኝ መዳፌ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የሌላ ሴት ስም ጠርተህ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ሰውም "አይዞሽ" ይለኝ ነበር። ሽማግሌ አልልክም ብትል ኖሮም ይገባኝ ነበር። አንተ ግን እውነትህን ነው፤ ልታገባኝ ትፈልጋለህ። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ልታገባኝ እየፈለግህ ወደ ተወለድኩበት ቤት የሚወስደውን መንገድ በሕይወትህ አንድ ቀን ብቻ የምትሄድበት አድርገህ ቆጥረኸዋል።

ለመስቀልስ፣ በርናባስ? ታች ያለው የጋሞ ልጅ ሁሉ ወደ ላይ በሚጎርፍበት ቀን እኔ የት ልሆን ነው? ስወልድስ? የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ እናቴ ወርቂቱ ሳታርሰኝ? አንድ ቀን አባቴ ታመመ የሚል መልእክት ቢመጣስ? መስከረም ላይ አዋሳ ሥራ እንደምትጀምር አውቃለሁ፤ ለአዋሳ አስፋልት እንዳሳመርካትም ገባኝ። እኔንም አብረህ ለአስፋልቱ አሳምረኸኝ ነበር፤ ሞላዬን ቆርጠህ።

ሳልጠራህ ተመለስኩ። ለብዙ ቀን ራሴን ስሟገተው ቆየሁ። ወንዶች መካከል ሲሆን ያለውን ማን ያምናል፣ ለጨዋታ ነው፣ ደግፌ ፊት ሊጀነን ነው አልኩ። ይህን ስል ነው ሰናይት የላንድክሩዘሩን ወሬ ይዛልኝ የመጣችው። ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም። ግን ለስንት ቀን እንደተከራየኸው ጠየቅኳት።

"ለአንድ ቀን ነዋ" አለችኝ፣ ምን ጥያቄ ነው በሚል ፊት።

ትናንት ወደ ላይ ወጣሁ። አባቴ ድሩ ፊት ተቀምጧል። እንግዳው በሌላ መኪና እንደሚመጣ ከመንገደኞች ሰምቷል፤ ተጨንቆ፣ ያቺ መኪና ምን ነካት፣ ተሰበረች እንዴ አለኝ። ለእሱ ከዚህ ሌላ ምክንያት አይታየውም። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አልቻልኩም። ጋራዥ የሰማሁትን፣ ቸርኬውን፣ የተቆረጠውን ሞላ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ያን ሁሉ ሰው ለእኔ ብለህ ጭቃ ውስጥ ስላዋልክ አፍሬያለሁ አልኩት፤ ኩርባው ለማይመጣ መኪና ተሞላ አልኩት።

አባቴ የሚሸምንበትን መወርወሪያ አስቀመጠ። በጋሞኛ ነው የተናገረው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ይቀዘቅዛል።

"ለእሱ መኪና መሰለሽ? እሱማ አንድ ጊዜ ገፍተንም ቢሆን እናወጣው ነበር። የሞላነው አንቺ ካገባሽ በኋላ መምጫ እንዳታጪ ነው።"

ከዚያ መወርወሪያውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቴ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ አልወጣችም። እኔ ደጃፉ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ የሚገርምህ ድንጋጤው እዚያው ለቀቀኝ።

መልካም ሰው ነህ፣ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ። የምታገባት ልጅ አስፋልት ዳር የተወለደች ብትሆን ጥሩ ባል ይወጣሃል። እኔ ግን ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የትም ልሠራ፣ የትም ልኖር እችላለሁ፤ ጂንካም ቢሉኝ፣ መቀሌም ቢሉኝ እሄዳለሁ። የትም ብሆን አብሮኝ ወደ ቤቴ የሚወጣ ሰው ነው የምፈልገው።

ስለዚህ፣ በርናባስ፣ ላንድክሩዘሩን ለባለቤቱ መልስለት። እሑድ ደጃችን ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው የለም።

አቢጋኤል ኦይታ