ፋብሪካ የሠራውና እኔ የሰፋሁት

ጥቅምት 9

ዛሬ ኪስ ብቻ ነው የምሰፋው። የተማሪዎች ሸሚዝ፣ ሰማያዊ፣ ኪሱ በግራ በኩል። ከእሑድ በፊት ካደረስኩ ጥሩ ነው።

ከላይ ያለውን ጠዋት ጻፍኩት። አሁን መሽቷል።

ረፋዱ ላይ ወንድሜ ሳያንኳኳ ገባ። በሥራ ቀን… ምን አመጣው? ከኋላው ሽቦ። የልጄ ጓደኛ ነው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ። ሥራውም ሽቦ፣ ቁመናውም ሽቦ። ሌላ ጊዜ "እትዬ፣ የሚቀመስ አለ?" እያለ ዘው የሚል ልጅ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። ያኔ ገባኝ።

ልጄ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። እራቱን በልቶ ተኛ። ጠዋት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ።

የያዝኩትን ኪስ ገጥሜ ጨረስኩ። ለምን ጨረስኩት? እንጃ።

ኅዳር 14

ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። አሁን ጸጥ ብሏል።

የልጄ መኪና ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ እንደቆመ ነው። እግሩን፣ ጎማውን ከነቸርኬው፣ ፈትቶ የሸጠው ራሱ ነው። "አዲስ ጫማ አዝዤለታለሁ እማ፣ ከባሕር ማዶ።" ወንበሮቹንም አውጥቶ ሳሎን ደርድሯቸዋል። እንግዳ ሁሉ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ አጽናናኝ። ትንሿ ልጄ ዛሬ ይህን ስነግራት ሳቀች። እህቱ ስትስቅ ስሰማ… ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 17

ወንድሜ መጣ። መኪናውን የሚወስድ ሰው አግኝቷል። ክፋት የለውም። "ባየሽው ቁጥር ከምትቆስይ፣ እታለም።"

"ቸርኬው ይመጣል" አልኩት።

"ላም አለኝ በሰማይ! ማን ያውቃል መምጣቱን? ቢመጣስ መግጠሙን?"

"ልጄ የማይገጥም አያዝም።"

መጨረሻ ላይ ተስማማን። ቸርኬው መጥቶ ከገጠመ መኪናው ከእኔ ጋር ይኖራል። ካልገጠመ ሰውየው ይውሰደው፣ እኔም አላለቅስም። ቃሌ ነው አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንዲህ እንዳልኩ እንጃ።

ኅዳር 21

ስለዚህ መኪና ምን አውቃለሁ? እራት ላይ የነገረኝን ብቻ። እሱ ያወራል፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ልቤ ስፌቴ ላይ ነው።

አንዱ ፋብሪካ ያንኑ መኪና ለየአገሩ ለየቅል ይሠራዋል አለኝ። ለሀብታሞቹ አገር የሚሠራው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት፤ ለእኛ የሚልከው ከዚህም ከዚያም ተቀንሶለት። "ለነሱ የሠራውን ነው ላንቺ የማመጣው፣ እማ።" አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አይወድም። ከፋብሪካው ያልወጣ ብሎን እንኳ አያስነካም። ጋራዥ ውስጥ "ፋብሪካው" ነበር የሚሉት። "ፋብሪካው ዛሬ ገባ ወይ?"

አንድ ነገር ብቻ ፈቅዷል። "ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር ቢኖርበት ያንቺ ስፌት ብቻ ነው። ወንበሩን አንቺ ትሰፊዋለሽ።" ጨርቁን ገዝቶ አስቀምጧል። ግራጫ፣ ወፍራም።

ሌላም ብሎኛል። "ሲያልቅ መኪናው ቆሞ እጅ ይነሳሻል።"

"መኪና በምኑ ነው እጅ የሚነሳው?"

"ቆይ፣ ታያለሽ።"

ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ታኅሣሥ 6

መጣ!

አራት ካርቶን፣ አድራሻችን ተጽፎበት ደጃችን ድረስ። ሽቦና ትንሿ እየተጋገዙ አስገቡት። ሲከፈት… ብር የመሰለ ነገር። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ጭቃ ሊረግጥ ነው? እነሱ ምሳ ሲበሉ አንድ ባንድ ወደ መታጠቢያ ቤት አንከባልዬ በሳሙና አጠብኳቸው። ደረቅ አንሶላ አንጥፌም አስተኛኋቸው።

ሽቦ መጥቶ አየ። "እትዬ፣ ቸርኬ ያጥባሉ እንዴ?"

"ከመንገድ የመጣ አይደል?"

"ካጠቡ አይቀር ይተኩሱት እንጂ!" አለና ወለሉ ላይ ተቀምጦ እስኪደክመው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን ጠረገ። እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 8

አልገጠመም።

ጎሚስታው ጎማ አልብሷቸው መጣ። ወንድሜም ነበር። አንዱን ቸርኬ አንስቶ መኪናው ላይ ሊያስገባ ሲል ቆመ። አየ። ዞሮ ከበስተኋላው አየ። "እመቤት፣ ይሄ ቸርኬ አምስት ጣት ነው። መኪናዎ አራት ጣት።"

ቆጠርኩ። ቸርኬው አምስት ቀዳዳ አለው። ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ብረት፣ ሞዞ የሚሉት፣ አራት ብሎን።

"ችግር የለም" አለ ጎሚስታው፣ ደግ ሰው ነው። "በመሃል ሌላ ብረት እናስገባለት። ወይ ሞዞውን ሌላ ቀዳዳ እንበሳው።"

"አይበሳም" አልኩ።

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው እኮ።"

"እሱ አያደርግም። ይህን ቢሰማ ካለበት ተነስቶ ይጣላሃል።"

ጎሚስታው ሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ "ልጅ ነው እታለም፤ ልጅ ይሳሳታል" አለኝ። ነገ ለሰውየው እደውላለሁ አለ። ቃሌ ነው ብያለሁ… ምን እላለሁ?

ትንሿ እራት ሳትበላ ተኛች።

ታኅሣሥ 9

ጠዋት መኪናውን ልሰናበት ገባሁ። ወንበር የለውም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ያለችውን መሳቢያ ከፈትኩ። ሜትሬ! ልብስ የምለካበት ቢጫው ሜትር! ክረምቱን ሙሉ የፈለግሁት። "አንተ ነህ የወሰድከው" ስለው "እኔ ሰው አልለካ፣ ምን ያደርግልኛል?" ያለኝ… ውሸታም። የኔ ውሸታም።

ሜትሩ ላይ ሁለት የእስክሪብቶ ነጥብ አለ፣ ተቀራርበው። እኔ ሜትሬ ላይ አልጽፍም።

ወጣሁና ተንበርክኬ መኪናው ላይ ለካሁ። ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ጎረቤቱ። ልክ ትልቁ ቁጥር ላይ ያለው ነጥብ ላይ አረፈ። ወደ አዲሱ ቸርኬ ሄድኩ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል… ትንሹ ቁጥር ላይ ያለው ነጥብ ላይ! ቁልጭ ብሎ!

ሠላሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ሁለት ልክ የሚይዝ ሰው ልዩነቱን ያወቀ ነው። ልጄ የቸርኬውን ልክ ከሻጩ ጠይቆ፣ መኪናው አራት፣ ቸርኬው አምስት መሆኑን አውቋል። አውቆ ነው ያዘዘው። ታዲያ የሚገጥመውን ሞዞስ ሳያዝ ይቀራል?

ለወንድሜ ደወልኩ። "ለሰውየው አልደወልክም አይደል?"

"ልደውል ነበር።"

"እንዳትደውል። ሌላ ዕቃ አለ። የሚመጣ አለ!"

"ማን ነገረሽ?"

"ሜትሬ።"

"እሺ" አለኝ። እንደ ዕብድ ቆጥሮኝም ቢሆን እሺ ማለቱ… እግዜር ይስጠው።

ታኅሣሥ 13

ከሽቦ ጋር ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚያስረክቡበት ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የልጄን ስም ጠይቃ ፈለገች። "አዎ፣ አንድ ሣጥን አላቸው። ስንደውል ስንደውል ስልካቸው ዝግ ነው።"

"አዎ፣ ዝግ ነው" አልኩ።

"ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ እንጂ።"

"ባለቤቱ አይመጣም። እናቱ መጥታለች።"

ቀና ብላ አየችኝ። ጥቁሩን ልብሴን አየች። ሌላ አልጠየቀችም። የራሷን ወንበር ይዛ ወጣችልኝ። "እማማ፣ ይቀመጡ፤ እኔ እጨርስልዎታለሁ።"

ሣጥኑን ግቢ ከፈትነው። አራት ሞዞ። ሽቦ የአንዱን ብሎኖች በጣቱ እየነካ ጮክ ብሎ ቆጠረ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አምስት! አምስት ጣት! እትዬ፣ ፋብሪካው አልተሳሳተም!" ለሀብታሞቹ አገር ገበያ የተሠራው የዚሁ መኪና ሞዞ ነው፣ ምንም ሳይበሳ ሳይጣበቅ ቦታው ላይ ይገባል አለኝ። ከሥር ደግሞ ሁለት የጎን መስተዋት፣ ስፖኪዮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ስፖኪዮ መኪናው ላይ አለ… ሌላ ምን ሊያደርግለት?

"ይሄማ ሌላ ነው" አለ ሽቦ። ሌላ አልነገረኝም። ፈገግ አለ እንጂ።

ትንሿ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታኅሣሥ 22

ከልጄ ጋር ይሠራ የነበረው መካኒክ ሞዞዎቹን ቀየረ። ጎሚስታው ቸርኬዎቹን አሰረ። ሽቦ አዲሶቹን ስፖኪዮዎች ገጠመ። ወንድሜ ዳር ቆሞ ያያል። ከፍ አድርጎ የያዘው ክሪክ ሲወርድ መኪናው እንደ ሰው "እህ…" ብሎ በእግሩ ቆመ።

ወንድሜ ሄዶ አንዱን ጎማ በጫማው ገፋ አደረገ። ዞረ። "የት ነው ያ ሜትር?"

ሰጠሁት። ራሱ ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ ግንባሩን የመኪናው ጣራ ላይ አስደግፎ ቆየ። "ልጅ ይሳሳታል ብዬ…" አለ።

"ተወው ወንድምዓለም።"

"አጎቱን አስተማረ።"

"ድሮም ሲያስተምርህ ነበር" አለችው ትንሿ፣ "አልሰማም ብለህ እንጂ።" ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ጭምር።

ጥር 4

ወንበሩን እየሰፋሁ ነው። የኋላው አልቋል። የሹፌሩ ቀርቷል። ወፍራም ጨርቅ መርፌ ይሰብራል። ግን ደስ ይላል። ድሮ የእሱን ሱሪ እንዲህ ነበር የምሰፋው፣ በቶሎ ስለሚቀድ ድርብ አድርጌ።

ጥር 6

ምን ነካኝ!

የሹፌሩን ወንበር ልብስ ጨርሼ ገልብጬ ሳየው… መደገፊያው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ኪስ። የተማሪ ሸሚዝ ኪስ! ክዳኑ፣ ስፌቱ፣ ሁሉ። እጄ ከልማዱ ሄዶ ገጥሞታል። ልቤ የት ነበር?

ልፈታው መቀስ ሳነሳ ትንሿ ነጠቀችኝ። "እንዳትነኪው!"

"የሚነዳው ሰው ጀርባ ላይ ነው የሚውለው እኮ፣ ምን ይሠራል?"

"ምንም። ይኑር።"

ሽቦ ሲያይ "በቃ፣ መኪናው ትምህርት ቤት ገባ" አለ።

ሳልፈታው ቀረሁ። ከፋብሪካ ያልወጣው ያንቺ ስፌት ብቻ ነው ብሎኝ የለ? ይኸው፣ እስከ ኪሱ።

ጥር 12

ዛሬ ወጣን።

ትንሿ ነዳች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፣ በዚሁ መኪና፣ እየተጣሉ። እኔ ከጎኗ፣ ወንድሜና ሽቦ ከኋላ። በኀዘኑ የዘገየውን የተማሪዎቹን ሸሚዝ ለትምህርት ቤቱ ለማድረስ ነው የሄድነው። ሌላ ጊዜ በሸክም በሁለት አውቶቡስ የምሄደውን። መንገዱ ለሰለሰልኝ። አንድ ሰው መብራት ላይ መስኮት አውርዶ "ቸርኬው ከየት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ትንሿ "ከወንድሜ!" አለችው። አረንጓዴ በርቶ ሄድን።

ደረስን። ሁላችን ወረድን። ሽቦ ቁልፉን ይዞ "እትዬ፣ ከፊት ለፊቱ ይቁሙልኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"ይቁሙ እንጂ።"

ቆምኩ። ሸሚዞቹን ታቅፌ። ቁልፉን ተጫነ።

ሁለቱ ስፖኪዮዎች… ማንም ሳይነካቸው… ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ታጠፉ። ሁለቱም እኩል። ትሑት ሰው ሁለት እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እጅ እንደሚነሳ።

"ለዚያ አገር የሚሠራው እንዲህ ነው" አለ ሽቦ። "ለእትዬ የሚሆን ብሎ ነው የመረጠው። እንዳልነግርዎት አስምሎኝ ነበር።"

ምን ላድርግ? እኔም ጎንበስ ብዬ መለስኩለት። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ሸሚዝ ታቅፌ ለመኪና እጅ ነሳሁ። "ደህና ነኝ ልጄ" አልኩት። ደግሞም ደህና ነበርኩ።

"አንድ ጊዜ ድገመው" አለ ወንድሜ። ሽቦ ከፈተ፣ ቆለፈ። ከፈተ፣ ቆለፈ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ "ባትሪውን ጨረሳችሁት እኮ!" ብሎ እስኪጮህብን።

ቤት ስንመለስ ቢጫውን ሜትር ጠቅልዬ የወንበሩ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለካ ለዚህ ነው የሰፋሁት። እኔ ሌላ ሜትር እገዛለሁ።

ለራሴ ብቻ ነው የምጽፈው። ቢሆንም ደብተር ከሰው ዕድሜ ይረዝማል። ይህን አንድ ቀን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምን። መንገድ ዳር ስትሄዱ አንድ መኪና ሲቆለፍ፣ ጆሮዎቹን ሰብሰብ አድርጎ እጅ ሲነሳ ካያችሁ፣ ቆም በሉና ለልጄ "ነፍስህን በደህና ያሳርፍልህ" በሉልኝ። ስሙን ባታውቁትም ግድ የለም። ፋብሪካው በሉት፤ የሚሰማው እግዜር ያውቀዋል።