የአባዬ ግራ ዓይን

አባዬ፣

በመጀመሪያ ኃጢአቴን በግልጽ እናዘዛለሁ፤ ቀጭኗን ብሩሽህን ሰርቄያለሁ። ያችን ከድመታችን ጭራ ጸጉር እየቆረጥህ የሠራሃትን፤ ድመቷም ከዚያ ወዲያ አንተን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። እማዬ ከዕቃህ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋባት ነበር። ቁልፉን ከትራሷ ሥር ወሰድሁ። ንስሐ የምገባው ሥራዬን ስጨርስ ነው።

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ ነገሩን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኛ ደህና ነን። ሹም አቦ ያለው የሥዕል ቤትህ ለስልክ ጠጋኝ ተከራይቷል፤ መላእክትህ ይሰቀሉበት በነበረው ምስማር ላይ አሁን የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሏል። ድመቷ ወፍራለች። ወንድምህ መሪጌታ አሁንም በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ሊመክሩኝ ይመጣሉ። ምክሩ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲነቁ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ካቆሙበት መሆኑን እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም፣ እኔም አልሰማም ነበርና።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ፔዳ አካባቢ የተከራየ ዳዊት የሚባል ልጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ፊልም ይሠራል። ጣናን በጀልባ ዞሮ የጉዞ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ፖስተሩ ፎቶ ሳይሆን በእጅ የተሳለ እንዲሆን ፈለገና፣ «የሠዓሊው ልጅ ትርሲት አለች» ብለው ወደ እኔ ላኩት። አንድ መንገደኛ በታንኳ ተቀምጦ ወደ ዘጌ ሲያይ እንድስልለት ጠየቀኝ። ሳልሁለት። የመንገደኛው መልክ የማን ይሁን ብዬ ብዙም አልተጨነቅሁም፤ ያንተን ሰጠሁት። ጆሮህ ላይ የምትሰካት እርሳስ እንኳን አልቀረችም።

ዳዊት ወደደው። ባለፈው እሑድ ግን መሪጌታ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና «ወንድሜ ምን በድሎ ነው አንድ ዓይን የቀረው?» አሉ።

ስህተቴን ያኔ አየሁት። አንተው ነህ ያስተማርኸኝ፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፣ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። እኔ ደግሞ አንተን በጎን ሳልሁህ።

«መሪጌታ፣ ይኼ እኮ የፊልም ፖስተር ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሰቀልም» አልሁ።

«የት ነው የሚሰቀለው?»

«ከሹም አቦ እስከ ፔዳ፣ በየግድግዳው።»

«ይባስ! ወንድሜን በየግድግዳው ከይሁዳ ጋር ልታሰልፊው ነዋ።»

ጎረቤታችን እትዬ አስናቁ ጠጋ ብለው አዩና «እኔስ ጥርሱን ያመመው ነበር የመሰለኝ» አሉ። እማዬ ግን ሥዕሉን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። ከሦስቱ የከበደኝ የእሷ ነው።

ዳዊት ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ይወስደዋል። እንግዲያው ፊቱን ማዞር ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ሁለተኛው ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ነው፤ ፊትህ አልመጣልኝም። ስትሥል ሁልጊዜ የቀለም ጣሳ ይዤ በቀኝህ ነበር የምቀመጠው። የማውቀው ቀኝህን ነው። ለተዝካርህ ያሳደግነው የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ ሊያስነጥስ የቀረበ ሰው ነው እንጂ አንተ አይደለህም። አምስት ጊዜ ሞከርሁ። አምስቱንም ጊዜ መሪጌታ ሆነው ወጡ። እሳቸው ደግሞ ጣናን በታንኳ ሊሻገሩ ቀርቶ አስፋልት ለመሻገርም ሰው ይይዛቸዋል።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥዕል ልንሸጥ ዘጌ የሄድንበት ቀን ትዝ አለኝ። አንተ ከጀልባው ፊት፣ እኔ ከኋላህ፣ ብራናዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ አቅፌ። ማዕበል መጣና ጀልባዋን አነሳት። ዞር አልህ። ያየኸው ግን እኔን ነው፣ ብራናዎቹን አይደለም። እንዳየሁህ ስታውቅ «ብራናው ረጠበ?» ብለህ ተቆጣኸኝ። ማንን ልታታልል።

ያን ፊት ነው የሣልሁት። መንገደኛው አሁን ከታንኳው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ግራ ዓይንህ ከቀኙ ትንሽ ታንሳለች፤ ይኼን ማወቄን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። የቀረኝ የግራው ብሌን ነው። «ብሌን መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ከዚያ በፊት ሥዕሉ አያይሽም» ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው የድመቷ ብሩሽ ያስፈለገችኝ። ነጩ ቀለም እስኪደርቅ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ ጓዳ ውስጥ ትራሷን ስታገላብጥ ይሰማኛል። ቶሎ ልበል። ቀኝህን መቼም አልረሳሁትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግራህንም እይዛለሁ። ቆይ፣ ብሌኑን ላስገባ።

አስገባሁ። ቀና ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። ብሩሿ እጄ ላይ ናት፣ ሳጥኑ ክፍቱን ነው። እሷ ግን ብሩሿንም ሳጥኑንም አላየችም። አንተ ታያታለህ፣ እሷም ታይሃለች። ከዚያ ለቁጣ በማይሆን ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣

«ትርሲት» አለች።