ስኳሩ ወረደ ብዬ ደስ ያለኝ ለታ

ታዬ ሆዴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ጤናህ የት ላይ እንደቆመ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንዳቅማችን አውጥተናል፤ ሰው ቀምሶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ወደየቤቱ ሄዷል። እኔ ግን የምነግርህ ነገር በሆዴ ቀርቷል። አንተ ለምን እንደሞትክ ሳታውቅ ነው የሄድከው። እኔ አውቄዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ፤ ከባዱን ወዲያው ማንሳት አልቻልኩም። ሰናይት አሥረኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት እኔን አልፋኛለች፤ ቁጣዋም ያው የአንተ ነው፣ ከአፏ በፊት ቅንድቧ ይናገራል። ጎሚስታ ቤቱን ባልደረባህ አሰፋ ይዞታል። በሩ ላይ በነጭ ቀለም የጻፍከውን፣ «ጎማ እንጠግናለን፣ ሐሜት አንጠግንም» የሚለውን፣ አላጠፋውም። የናዝሬት ንፋስ ግን ግማሹን ልጦታል፤ አሁን ከአስፋልቱ ማዶ የሚነበበው «ሐሜት» የሚለው ብቻ ነው። ብታየው ትስቅ ነበር። በረባሶህ አልጋው ሥር ነው። ሰናይት ላንሳው ስትለኝ ተቆጣኋት።

ሕመሙ የተነገረህን ቀን ታስታውሰዋለህ? ከሆስፒታል ስትገባ ኮፍያህን ወርውረህ፣ አገር ሁሉ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል፣ ለእኔ ያለ ሰልፍ ሰጡኝ አልክ። አንተ ሳቅክ፤ እኔ ግን ኮፍያህን ከመሬት አነሳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳር የቤታችን ጠላት ሆነ። የወር ድርሻችንን ከሱቁ ተቀብዬ ቤት ሳላደርስ በቀጥታ ለጎረቤታችን ለፋጡማ እሰጥ ነበር። እሷ ልጆች አሏት፣ ወላሂ አላህ ይስጥሽ እያለች በቆርቆሮ ታስቀምጠዋለች። እኔም ገዳይህን ከቤቴ ያስወጣሁ መስሎኝ ልቤ ያርፍ ነበር።

ከዚያ ያ የሆስፒታሉ የማክሰኞ አግዳሚ መጣ። ሐኪሙ አንድ፣ ሕመምተኛው አግዳሚ ሙሉ፤ ተራህ ደርሶ ስትገባ የልብህን ሳትናገር ትወጣለህ። ምክሩ ያለው ውጭ ነበር። መርፌውን ዛሬ በቀኝ ጭን ከወጋህ ነገ በግራ ውጋ ያሉህ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንዷ ደግሞ አብሽ ጠጡ ትላለች፣ ሌላው አብሽ ሆዴን ነው ያፈነዳው ይላል፣ ይከራከራሉ። አንተ መሃል ገብተህ፣ ጓዶች ሥርዓት ይከበር፣ ሁሉም ማኅበር አለው፣ ገበሬው አለው፣ ሴቶቹ አሏቸው፣ እኛ የስኳሮቹ ምን በወጣን አልክ። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። እዚያው በእጅ ብልጫ ሊቀመንበር ሆንክ።

ደብተሩንም ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ከናዝሬት ዝዋይ የሚመላለሰውን አውቶቡስ የሚነዳው ኦቦ ቶሎሳ የጎማ ደንበኛህ ነበር፤ ሚስቱም የስኳር ሕመምተኛ ነች። ደብተሩን ለእሱ ሰጠኸው። ሞጆ ላይ አንድ ሰው ጥያቄ ይጽፍበታል፣ መቂ ላይ ሌላው ይመልሳል፣ ዝዋይ ደርሶ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው ሰዎች ስለ እግራቸው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ሽንታቸው ሳያፍሩ ይጽፉልን ነበር። በረባሶ አታድርግ፣ እግርህን ማታ ማታ እይ ያለህ የመቂ ሰው ነው። አንተም ጎማ ጠጋኝ በረባሶ ካላደረገ ማን ያደርጋል ብለህ መለስክለት፤ ከዚያ ግን ቀስ ብለህ ሸራ ጫማ ገዛህ። ፍሪጅ የሌለው መድኃኒቱን እንዴት ያቆያል ብለህ ስትጠይቅም መልስ መጣ። ዕቃውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት የሚል። ቤት ጥግ ባለችው ማሰሮ አሸዋ ሞልተን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጨን፣ መድኃኒትህን እንደ ሕፃን አስተኛነው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ወደ አንዲት ቃል ልወስድህ ነው። አንድ ማክሰኞ ነርሷ ካርድህን ስትሰጠን ሲወርድ ተጠንቀቁ አለች። ሰው እየተጠራ ነበርና ሳታብራራ ገባች። እኛ በጋሪ ስንመለስ ስንስቅ መጣን። ትኩሳት ሲወርድ ተመስገን ይባላል፣ ደም ብዛት ሲወርድ ተመስገን ይባላል፤ ስኳር ሲወርድ እልል ይባላል እንጂ ምን ጥንቃቄ አለው? ልጅቱ ሲወጣ ልትል ነው አልኩህ። አንተም ልክ ነሽ አልከኝ። በደብተሩም ላይ ቢሆን ሁላችንም የምንጠያየቀው ስለ ማውረድ ብቻ ነበር።

ሶደሬ የሄድንበትን እሁድስ? ጠዋት መርፌህን ተወግተህ፣ ምሳችንን ይዘን፣ ፍል ውሃው ያሽርሃል ብዬ ጎትቼ ወሰድኩህ። ልብስህን ስታወልቅ ያ ጦጣ ዳቦውን ከነፌስታሉ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። አንተ ከታች ሆነህ፣ ጓድ፣ ያለ ኩፖን አይወሰድም እያልክ ትለምነዋለህ። ሰው ሁሉ ከበበህ። ስቄ ስቄ ስቀመጥ ነው ፊትህን ያየሁት፤ ከፍል ውሃው ገና ሳትገባ ላብህ ይንጠፈጠፍ ነበር፣ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገባችን የነበረ ሰው ለስላሳ ከፍቶ ሰጠህና ጨለጥከው። እኔ ጮህኩብህ፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ። ጥቂት ቆይተህ ቀና አልክ፣ ፊትህ ተመለሰ፣ ውሃ ውስጥም ገባህ። ማታ ለፋጡማ ምን አልኳት መሰለህ? የሶደሬ ውሃ ባይኖር ያ ለስላሳ ይገድለው ነበር አልኳት። ታዬ፣ መልሱ በዓይኔ ፊት ቆሞ ነበር፣ ጠርሙሱን በእጄ ይዤው ነበር። አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያ ላብ ተመላለሰ። ሥራ በዝቶ ምሳ ሲያልፍህ ትነጫነጫለህ፣ ጣትህ ብሎን መያዝ ያቅተዋል። አንተ ለሰው አትንገሪ አልከኝ። እኔ ግን ነገርኩ። ተደብቄ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ላስጠናሽ ብለህ የምታስጠናኝም አንተ ነበርክ። ለማላውቀው ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያ የጻፍኩት ያንን ነው። ባለቤቴ ከመርፌው በኋላ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ ስኳር ስጪኝ ይላል፣ ምን ላድርግ፣ ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ቶሎሳ ይዞት ሄደ። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ደብተሩ የለም። ኦቦ ቶሎሳም የለም።

አርብ ዕለት ነበር፤ ይህንንስ ታውቀዋለህ። መርፌህን ወግተህ ቁርስ ላቅርብ ስል የአሰብ መኪና ሁለት ጎማ ፈንድቶበት በር ላይ ቆመ ብለው ጠሩህ። መጣሁ ብለህ ወጣህ። ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳ እየያዝክ ገባህ። ሸሚዝህ ውሃ ሆኗል። ወርቄ፣ ስኳር ስጪኝ አልክ። የለም አልኩህ። ከፋጡማ አምጪልኝ አልክ። እምቢ አልኩ። ራስህ ልትሄድ ተነሳህ፤ እጅህን ይዤ አስቀመጥኩህ። ጉልበት አልነበረህም፣ እንደ ልጅ ነው የተቀመጥከው። ጨካኝ ነሽ አልከኝ። እኔም መሞት ነው ያማረህ፣ ለእኔ ባታስብ ለልጅህ አስብ አልኩህ። ውሃ ሰጠሁህ። ትንሽ ቆይተህ ዝም አልክ፣ ጋደም አልክ፣ ዓይንህን ከደንክ። እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርህ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰናይትም ሰምታለች። ተመስገን፣ ወረደለት፣ አልኩ። ጋቢ አለበስኩህ። በሩን ገርበብ አድርጌ እንዳይቀሰቅሱህ ሰውን ዝም አሰኘሁ።

ልቀሰቅስህ ስመጣ አልነቃህም። ጋሪ ላይ ጭነን ስንሮጥ ጭንቅላትህ ጭኔ ላይ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ አልነበርክም።

ለቅሶህ ላይ ሰው ሞላ፤ ሾፌሮቹ፣ የአግዳሚው ሰዎች፣ ሁሉም መጡ። ፋጡማ ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ስታፈላ ዋለች። ስኳሩን ከየት አመጣሽው አላልኳትም። በሦስተኛው ቀን ባዶ ቆርቆሮዋን አጥባ ስትደፋው አየሁ። የእኛ ድርሻ ነበር። ለአንተ የከለከልኩትን ስኳር ለአንተ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ጠጣው።

በሰባተኛው ቀን ኦቦ ቶሎሳ መጣ። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ። ደብተሩን ኬላ ላይ ይዘውበት ኖሯል። ምን አዩበት መሰለህ? የሰው ስም ከነከተማው፣ ከጎኑም የመርፌው ልክ፣ ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ አሥራ አምስት። ከዚያ ዕቃውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት። ሊቀመንበሩ ማነው፣ የተቀበረው መሣሪያ የት ነው ብለው አሠሩት። ስለ ስኳር ነው ቢል ማን ይሰማዋል፤ ስኳርም የምስጢር ቃል መሰላቸው። የለቀቁት እናቱ ይህንኑ መርፌ የምትወጋ አንድ አለቃ ደብተሩን አገላብጦ ሲያነብ ነው። እንዲያውም የመድኃኒቱን አቀማመጥ ለእናቱ ገልብጦ ወሰደ አለኝ። እሱን ሰው አልጠላሁትም። ማንን እንደምጠላ ግን እስካሁን አላወቅኩም።

ደብተሩን ሰጠኝ፤ ለጥያቄዬ መልስ ነበረበት። የጻፈችው አስካለ የምትባል ዝዋይ ላይ አሣ የምትሸጥ ሴት ናት፤ መርፌውን ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። እንዲህ ይላል። እህቴ፣ ይህ ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ የሚመጣ ነው። ሲወርድ፣ ከመውጣቱ ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል። ስኳር ስጪኝ ሲልሽ ስጪው፣ በውሃ በጥብጠሽ ቶሎ አጠጪው፣ ቀጥለሽ አብዪው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትጨምሪ ወደ ሐኪም ሩጪ። እኔ በመቀነቴ ቋጥሬው ነው የምዞረው። ከታች ቀኑን ጽፋለች። ከሞትክበት አርብ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል።

ያነበበችልኝ ሰናይት ናት። ልጅህ ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ግንባሬን ስማኝ ነው የምትወጣው። ለካ ሰውነትህ መድኃኒቱን ራሱ እየጠራ ነበር፤ ሰው ውሃ ሲጠማው ውሃ እንደሚል አንተም ስኳር አልክ። እኔ ደግሞ ወድጄህ ከለከልኩህ። ሰዎች አታውቂም ነበር ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። አለማወቄ ግን እጅህን አልለቀቀልህም። ይቅር በለኝ ታዬ። ጨካኝ ነሽ ያልከኝን ቃል ይዘህ ሄደህ እንደሆነ፣ እባክህ እዚያ ላይ አትተወኝ።

አሁን ስኳሩን ተሰልፌ እቀበላለሁ፣ ቤቴም አገባዋለሁ። ፋጡማ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ በዚያ ቆርቆሮ ምንም ማስቀመጥ አልቻለችም። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ሕመም የለብሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ ይሉኛል። አዲስ የመጣውን ሁሉ እጁን ይዤ፣ ሲወርድ የተባለው እልል የሚባልበት አይደለም እላለሁ። ባለፈው ወር አውቶቡስ ተራ አንድ ሽማግሌ ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ ሰው ሰክረዋል ብሎ ይስቅባቸው ነበር። እንደ አስካለ በመቀነቴ የቋጠርኩትን ስኳር ፈትቼ በውሃ በጥብጬ አጠጣኋቸው። ዓይናቸው ተመልሶ፣ ልጄ ማን ላከሽ አሉኝ። ታዬ ልላቸው ፈልጌ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፍልህ በዚያው ደብተር የመጨረሻ ሉኮች ላይ ነው። ነገ ኦቦ ቶሎሳ ይዞት ይሄዳል። ሞጆም መቂም ዝዋይም ያነቡታል፤ ጥፋቴን አገር ይወቀው፣ ማንበብ ለማይችልም ያንብቡለት። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። በመጀመሪያው ሉክ ላይ ስምህን ጽፌያለሁ፣ ሊቀመንበር ታዬ ብዬ።

በቁሜ እስካለሁ የምረሳህ ቀን የለም። መቀነቴን ባጠበቅኩ ቁጥር ቋጠሮዋ ጎኔን ትወጋኛለች፣ እንድትወጋኝም አድርጌ ነው የማስራት። ስጪኝ ብለኸኝ ነበር፣ ሆዴ። ይኸው ይዤዋለሁ።

ወርቅነሽህ