ከአሜን በኋላ ያለው ሰዓት

ውድ እህቴ እትዬ አለምብርሃን፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየሽ ቁጥር ፊትሽን ታጨማድጃለሽ? ጋሽ ይሳቅስ? ልጆቹስ? አማትሽስ በርትተዋል? አርባ ምንጭ ዝናቡ አባራላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ የነቢያትን ጾም ይዛለች። ሐኪሙ ስኳር እያለብሽ እንዴት ትጾሚያለሽ ቢላት፣ "አንተ ሐኪሜ እንጂ የነፍስ አባቴ አይደለህም" ብላ አሳፍራው ወጣች። ድሬም በረድ ብላለች። ሰዉ ከምሳ በኋላ ያለ ቬንትሌተር መተኛት ጀምሯል፤ ከዚህ የበለጠ የምሥራች ከዚህ አገር አትጠብቂ።

አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርሽ፣ ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ደግሞም እኔና አንቺ በስልክ ስለ ጤናና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ካርዱ ያልቃል። አንቺ ስንት ዓመት ቾክ ይዘሽ የኖርሽ ሰው ስለሆንሽ ምክርሽን ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

መድናን አትረሻትም፣ ታይዋን ገበያ የልጆች ልብስ የምትሸጠው፣ የሶፊን የክርስትና ቀሚስ የገዛንባት። ልጇ ሃምዳ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሆም ሩም መምህሯም የሒሳብ መምህሯም እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መድናን አስጠራሁና፣ ሃምዳ በሒሳብ ስለደከመች ሚኒስትሪ ሳይደርስ መልቀቂያዋን ወስዳ ሌላ ትምህርት ቤት ብትገባ ይሻላል አልኳት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ "ቲቸር፣ እኔ እዚህ ያስገባኋት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው ብዬ ነው። ከሌላው በምንድን ነው የምትለዩት?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ፈጥኜ "እኛ ጠዋት ጠዋት እንጸልያለን" አልኳት። "ወላሂ፣ እኛም ቤት እንጸልያለን፤ ያውም በቀን አምስቴ። ከጸሎቱ በኋላስ?" አለችኝ። እትዬ፣ ደወል ሳይደወል "ውይ ተደወለ!" ብዬ ጥያት ወጣሁ። በመስኮት ሳይ ሰዓቷን እያየች ትስቃለች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። አምና የስምንተኛ ክፍል ውጤታችን ወረደ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ አጥሩ ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሏል፤ የልጆች ፎቶ፣ ከሥሩ "መቶ በመቶ አሳልፈናል" የሚል። መቶው እንዴት እንደሞላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደካማ ደካማውን ከፈተናው በፊት ይሸኙታል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደ ማርያም ያንን ባነር ጠዋትና ማታ እያዩ ሲያልፉ ከርመው በመጨረሻ ሆም ሩሞችን ሰበሰቡንና፣ "እኛም እንደ ሰዉ እንሁን። አያልፍም የምትሉትን ልጅ ወላጁን ጠርታችሁ አነጋግሩ" አሉን። ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ፤ ወላጅ እየሸሸ ትምህርት ቤቱ በእሳቸው እጅ ቢዘጋ ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ነው። ስብሰባውን በአባታችን ሆይ ከፈትን፣ በአባታችን ሆይ ዘጋን። መሃሉን ግን ባነሩ መራው። እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጥቼ በማግስቱ መድናን አስጠራኋት።

ከዚያ ወዲህ ያ "ከጸሎቱ በኋላስ?" የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደ ባዕድ ሆኜ ራሳችንን አየሁ። እንጸልያለን፤ ሙስሊሞቹ ልጆች እጃቸውን አጣምረው በጨዋ ደንብ ዝም ይላሉ። አሜን እንላለን፣ ባንዲራ ይሰቀላል። ወዲያው አቶ ወልደ ማርያም ማይኩን ይዘው የሳምንቱን ፈተና አንደኞች ይጠራሉ፣ ይጨበጨባል። ቀጥለው ከየክፍሉ መጨረሻ የወጡትን ይጠራሉ፣ እነሱም ወደፊት ወጥተው ይቆማሉ። ሃምዳ የሂጃቧን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወጣች። አሜን ያልንበት አፍ ገና አልደረቀም እኮ!

ኮሌጅ እያለን የትምህርት ፍልስፍና የሚባል ኮርስ ነበር፤ አንቺም ቀድመሽኝ ያንኑ ሃንድአውት ሸምድደሻል። የፈረንጆቹን ስም ይዘን ገብተን ፈተናው ላይ አራግፈነው ወጣን። ከዚያ በኋላ ልጅ ማለት ምንድን ነው፣ የማስተምረው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እምነቴን ከነጠላዬ ጋር መምህራን ክፍል በር ላይ ሰቅዬ ክፍል እገባለሁ፣ ስወጣ ሁለቱንም አነሳለሁ። በመሃሉ ያለው ሰዓት ባዶ ይመስለኝ ነበር። ባዶ አይደለም ለካ። እኔ አስቤ ካልገባሁ የመንገድ ማዶው ባነር ያስብልኛል።

ይህንኑ ሻይ ሰዓት ላይ መምህራን ክፍል አነሳሁት። የስፖርት መምህሩ አብዲራሺድ እኛ ስለምንጾም ብስኩቱን ለብቻው ወርሶ ተቀምጧል። የፊዚክሱ ኒቆዲሞስ ገና ሳልጨርስ፣ "ክርስቲያናዊ የትምህርት ፍልስፍና? አንቺ ደግሞ! የኦርቶዶክስ የመሬት ስበት አለ እንዴ? ድንጋይ ለሁሉም እኩል ነው የሚወርደው" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። አብዲራሺድ ፍርፋሪውን ከጢሙ እያራገፈ፣ "አቦ ኒቆ፣ ድንጋይ እናት የለውም። ሃምዳ እናት አላት፤ ያውም መድና!" አለው። ከዚያ ብስኩቱን አስቀምጦ ለእኔ እንዲህ አለኝ፦ "እኔም ሁለት ልጆቼን እዚህ አስገብቻለሁ። ክርስቲያን አድርጉልኝ ብዬ አይደለም። አምላክ የሚፈራ ሰው ልጄን እንደ ዕቃ አይመርጥም፣ አይጥልም ብዬ ነው። እናንተ ራሳችሁ ካላወቃችሁት እኔ ምን ልበል?"

ኒቆዲሞስም በኋላ ቀልዱን ትቶ የሚያሳስበውን ነገረኝ። "እምነት ክፍል ይግባ ስትዪ ነገ አንዱ ተነስቶ መስበክ ይጀምራል። ግማሹ ልጅ ሙስሊም ነው። ድሬ ነው ያለነው፤ ተከባብረን የኖርነውን አታደፍርሺ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አሰብኩበት። ግን እኔ የምለው ስብከት አይደለም። ስብከት ለልጁ የሚነገር ነው፤ ይህ ግን ለእኔ ለራሴ ነው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ ብዬ አምናለሁ አይደል? እንግዲያው ሃምዳ መጨረሻ ስለወጣች ያ አርአያ አልቀነሰባትም። ካልቀነሰ ደግሞ እንደ ተበላሸ ቲማቲም ለቅሜ የማወጣት በምን ሥልጣን ነው? ኒቆዲሞስ እንዳለው ድንጋዩ ለሁሉም እኩል ይወርዳል፤ እሱን የምናስረዳው ልጅ ማን እንደሆነ ግን የፊዚክስ መጽሐፉ አይነግረንም። እሱን ይዘን መግባት ያለብን እኛ ነን። የሚያምን መምህር ይህን አስቦ ካልጨረሰ፣ አለቃው ባለው፣ ወላጅ በጮኸበት፣ ጎረቤት በሰቀለው ይነዳል፤ እኔ እንደተነዳሁት።

ሃምዳን ማክሰኞ ከክፍል በኋላ አስቀረኋት። የሒሳብ ፈተናው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ጥያቄው በቃላት ሲቀርብ ምን እንደተጠየቀ አይገባትም። በአማርኛ ሳነብላት በኦሮምኛ እያጉረመረመች አስልታ ገሚሱን አገኘችው፣ ገሚሱን ሳተችው። ጎበዝ ናት አልልሽም፤ ብዙ ይቀራታል፤ ታልፋለች ብዬም አልምልልሽም። ግን ልጅቷ የምትማር ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ ራስ ምታቱን ስሚ። ይህን አስቤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ረቡዕ በኔ ፈተና ላይ አንድ ልጅ ሲኮርጅ ያዝኩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሊቀ መንበር ልጅ! እሑድ እሑድ ጥላ ይዞ የሚያገለግል፣ እማዬ "እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥሽ" የምትለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የእኛ ልጅ ነው ብዬ ጆሮውን ቆንጥጬ አልፈው ነበር። ሃምዳን በእምነቴ ምክንያት አልጥልም ካልኩ ግን ይህንንም በዚያው በእምነቴ ማለፍ አልችልም፤ ፍልስፍና ሲሉት ለሚያዝኑለት ሰው ብቻ የሚመዘዝ መስሎኝ ነበር። ዜሮ ሰጠሁት፤ ለብቻው ጠርቼም ለምን እንደሆነ ነገርኩት። አለቀሰ። እኔም ትንሽ ቀረኝ።

ዛሬ ጠዋት አቶ ወልደ ማርያም ቢሮ ገብቼ ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ ሃምዳን እንደማልሸኝ፣ የሊቀ መንበሩን ልጅ ዜሮም እንደማልፍቅ። ሰኞ ሰኞ መጨረሻ የወጡትን መጥራትም ቢቀር አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አብሰው ከጨረሱ በኋላ፣ "ማዘንጊያ ልጄ፣ ለይቶልሽ ነው የመጣሽብኝ? አንዱን ብቻ ብታመጪው ምናለ!" አሉኝ። ከዚያ ቅዳሜ ቦርዱ ስለሚሰበሰብ ቀርበሽ ራስሽ አስረጂ፣ ልጅቷ ትቆይ አትቆይ የሚወስነው እሱ ነው፣ ካላሳመንሻቸው ሃምዳም ትሄዳለች፣ አንቺም ከስምንተኛ ክፍል ትነሺያለሽ አሉኝ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ መቼም አልነግርሽም።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ታይዋን ወረድኩ። መድና ሱቋ በር ላይ ቀሚስ እየሰቀለች ነበር። "ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም" አልኳት። "ደወል ነበረሽ" አለችኝ፤ አልማረችኝም። ሳቄ ሲያባራ ነገርኳት፦ ልጅሽን አልሸኝም፤ ቅዳሜ እኔን ካልሰሙኝ ግን ከሌላው በምንም እንደማንለይ ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ፣ ያኔ ውሰጃት። ማንጠልጠያውን እንደያዘች፣ "ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ እመጣለሁ። ጸሎቱን ቆሜ እሰማለሁ፣ ከጸሎቱ በኋላ ያለውንም ተቀምጬ እሰማለሁ" አለችኝ።

እንግዲህ እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ከየቱ ትጀምሪ ነበር? ከሃምዳ ወይስ ከሊቀ መንበሩ ልጅ? ይህ ደብዳቤ ከቅዳሜ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስጽፍልሽ የምለው ነገር ለራሴ ጠራልኝ።

ጋሽ ይሳቅን ሰላም በይልኝ፤ ቦርድ ፊት ስቆም ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ በጸሎቱ ያስበኝ። ማርቲ ሒሳቧን በአፏ እንድታስረዳሽ አድርጊ፣ ከወረቀቱ የሚበልጥ ታገኚበታለሽ። ሶፊን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን ከነከዘራቸው እጅ እነሳለሁ። እማዬም በጾም ድካም ላይ ሆና ሁላችሁንም ስማለች፤ የሊቀ መንበሩን ልጅ ጉዳይ ገና አልሰማችም።

ሃምዳ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ከአሜን በኋላ ክፍል ስገባ ያንን ዴስክ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ተቀምጣበት ከሆነ ታያታለሽ፤ ባዶ ከሆነም ባዶውን እልክልሻለሁ።

እህትሽ ማዘንጊያ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.