ከጣሪያው የሚወርደው አልጋሽ

ግሌኒስዬ፣

መቀመጫ ቦታ አጥቼ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። የመርከቧ ክፍላችን ኒውካስል ቤትሽ ጓሮ ካለው የዶሮ ቤት ትጠባለች። ለጉዞው ስንመዘገብ ከአንቺና ከኖሪን ጋር ሦስት ስለነበርን፣ ክፍላችንን የሚያሰናዳው ፊጂያዊው ሴሩ ከእራት በፊት ያንቺን አልጋ ከጣሪያው አውርዶ ያነጥፈዋል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር መሰላሉ ቅልጥሜን ይመታኛል።

ትናንት መረረኝና "ኧረ ይህን ነገር ወደ ላይ መልስልን! የአልጋው ባለቤት ሆስፒታል ተኝታለች" አልኩት። አጥፎ ጣሪያው ውስጥ ከተተው።

ኖሪን ቀና ብላ አየችና "ምነው፣ ቀበርናት እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ያስቀምጠኛል! ወጣሁ፣ ገባሁ፣ መርከቧን ዞርኩ። በመጨረሻ ሴሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

"የኔ ልጅ፣ አልጋውን መልሰህ አውርደው።"

"እማማ፣ ማን ሊተኛበት?"

"ማንም! ዝም ብለህ አንጥፈው።"

እየሳቀ አወረደው። ቅልጥሜም ዛሬ እንደገና ተላጠ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ሳሚልኝ፣ ለነርሶቹም ሰላም በይ። ኖሪን እርጥብ የዋና ልብሷን አልጋሽ ላይ እየጣለች አስቸግራኛለች፤ እኔን አትሰማም። ቶሎ ተነሺና ራስሽ መጥተሽ ተቆጪያት።

ያንቺው ሜቪስ